«ሞላ»፣ «ሸሸ»፣ «ጠፋ»፤ በመኖሪያ ግቢ የኤሌክትሪክ መኪና አሞላልና የእሳት ጥንቃቄ ቃላት

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችና ግቢዎች የሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር በፍጥነት መጨመሩ ይታወቃል። ከመኪኖቹ ጋር አብሮ የገባ ሌላ ዕቃም አለ፤ እርሱም ጽሑፍ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው የአጠቃቀም መመሪያቸው በቻይንኛ የተጻፈ ነው፤ ከፊሎቹ ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይዘው ይመጣሉ። አማርኛው የሚዘጋጀው እዚሁ ነው፤ ብዙ ጊዜም በችኮላና ያለ አራሚ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት መነሻ የሆነው አንድ ጎረቤቴ ያመጡልኝ ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መኪናውን የሸጠላቸው ድርጅት ነበር የሰጣቸው። «ዶክተር፣ እርስዎ የቋንቋ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ፤ ለዘበኛችን አንብቤለት ምኑም አልገባው አለ» አሉኝ። በወረቀቱ ጀርባ የእንግሊዝኛው ምንጭ ታትሞ ስለነበር ማመሳከሩ አላስቸገረም። የአማርኛው ቃል በቃሉ የሚከተለው ነው፦

«መኪናው ሲሞላ በቤት ጋራዥ ውስጥ ጥንቃቄ ይደረግ። ሶኬቱ ሲሞቅ ያቁሙ። የባትሪው ሙቀት ከሸሸና ነጭ እንፋሎት ከታየ መብራቱን ያጥፉ። እሳቱን ያፍኑ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ መኪናውን ወደ ማቆሚያው ይመልሱ።»

በሰዋስው በኩል ይህ ነው የሚባል ስሕተት የለበትም። ቃላቱም በሙሉ ማንም የሚያውቃቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ምንጩ ያለውን የሚል አንድም የለም፤ ሁለቱ እንዲያውም የምንጩን ተቃራኒ ያዝዛሉ። የሙያ ቃላት ጉዳይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ስለ አዳዲስ ስሞች ነው፤ «ሊቲየም» በምን ይተካ፣ «ኤሌክትሮላይት» ይተርጎም ወይስ ይዋስ እያልን። ከዚህ ወረቀት የምንረዳው ግን አደጋው ያለው በስሞቹ ሳይሆን በየቀኑ በምንጠቀምባቸው ግሶች ውስጥ መሆኑን ነው። «ሊቲየም» ያልገባው አንባቢ እንዳልገባው ያውቃል፤ ይጠይቃል። «ጠፋ» የሚለውን ያነበበ ግን የገባው ይመስለዋል።

የቦታው ስም

በቀላሉ እንጀምር። «ጋራዥ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የተገኘ ሲሆን፣ በምንጩ ቋንቋም ሆነ በእንግሊዝኛ መኪና የሚቆምበትን ቤትም መኪና የሚጠገንበትን ሥፍራም ያመለክታል። አማርኛ ቃሉን ሲዋስ የወሰደው ሁለተኛውን ፍች ነው። መኪናዬ ጋራዥ ገብቷል ያለ ሰው መኪናው ተበላሽቷል ማለቱ ነው፤ ቤት አድሯል ማለቱ አይደለም። ስለዚህ «የቤት ጋራዥ» ለአብዛኛው አንባቢ ምስል የማይሰጥ ሐረግ ነው፤ ቢሰጥም በግቢ ውስጥ የተከፈተ የጥገና ሥራ ይመስለዋል።

ከዚህም በላይ ነገሩ ራሱ ይለያያል። መመሪያው የተጻፈበት አገር ሰው መኪናውን የሚያቆመው ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራ፣ መዝጊያ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ አንዳንዴም ከማድ ቤቱ አጠገብ ያቆማል፤ ፎቅ ላይ የሚኖረው ደግሞ ከሕንፃው ሥር ያቆማል። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ቃል ያስፈልጋል። «ማቆሚያ» ሰፊ ነው፤ በመንገድ ዳር ያለውንም ይጨምራል። እኛ የምንመርጠው «የመኪና ማደሪያ» የሚለውን ነው። ምክንያቱም የጥንቃቄው ቁም ነገር ያለው በማደሩ ላይ ነው፤ መኪናው የሚሞላው ሰው ሲተኛ ነውና። «ምድር ቤት» ለሚለው ቃልም መጠንቀቅ ይገባል፤ ለአንዳንዱ ተናጋሪ ከመሬት እኩል ያለው ወለል ነው፣ ለሌላው ከመሬት በታች ያለው። የጋዝና የጭስ ነገር ሲነሣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ «ከመሬት በታች ያለ ማደሪያ» ብሎ ማርዘም ይሻላል።

«ሞላ»

«ባትሪ ሞላ»፣ «ስልኬ ሞልቷል» የሚለው አነጋገር ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ «ቻርጅ አደረገ» ከሚለው ጋር ጎን ለጎን እየኖረ ይገኛል። ከሁለቱ «ሞላ» የአገሩ ቃል በመሆኑና «መሙያ»፣ «አሞላል»፣ «ተሞላ» እያለ በቀላሉ ስለሚረባ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ሳያስተውሉ መጠቀም አይቻልም።

አንደኛው የጊዜ ነገር ነው። «መኪናው ሲሞላ» ብንል በመሞላት ላይ ሳለ ማለትም፣ ሞልቶ ሲያበቃ ማለትም ሊሆን ይችላል። ሲሞላ ንቀለው ያለ ሰው ሲያበቃ ማለቱ ነው፤ ሲሞላ አትንካው ያለው ደግሞ በመሞላት ላይ ሳለ ማለቱ ነው። በንግግር ዓውዱ ይለየዋል፤ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ግን ዓውድ የለውም። ልዩነቱ የተርጓሚ ጥቃቅን ብቻ አለመሆኑን አንድ የታወቀ ምሳሌ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጀኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቼቭሮሌት ቦልት የተሰኙትን የኤሌክትሪክ መኪኖቹን በሙሉ፣ ቁጥራቸው 140,000 የሚደርሱትን፣ ለጥገና እንዲመለሱ ጠርቶ ነበር። በአንዳንድ የባትሪ ሕዋሳት ውስጥ ሁለት የአሠራር ጉድለቶች በአንድነት ሲገኙ እሳት ያስነሡ ስለነበር ነው። ባለቤቶቹ ጥገናው እስኪደርሳቸው እንዲከተሉ የተነገራቸው ትእዛዝ ከ90 በመቶ በላይ እንዳይሞሉ፣ ተሞልቶ እንዳበቃ መኪናውን ወደ ውጭ አውጥተው እንዲያቆሙ፣ በቤት ውስጥም እየተሞላ እንዲያድር እንዳይተዉት የሚል ነበር። ትእዛዙ በመሞላት ላይ ያለውንና ሞልቶ ያበቃውን መኪና ለይቶ፣ ለየራሳቸው መመሪያ ሰጥቷል። «ሲሞላ» በሚለው ቃል የተረጎመ ሰው ሁለቱን ያዋሕዳቸዋል። «እየተሞላ ሳለ» እና «ሞልቶ ካበቃ በኋላ» ብሎ መለየት ግዴታ ነው። የመጨረሻው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነበር፤ በአማርኛ «እየተሞላ ቤት ውስጥ አይደር» ቢባል ይበቃል፤ «አደረ» የሚለው ግስ ሌሊቱንም መቆየቱንም ሰብስቦ ይይዛልና።

ሁለተኛው ነገር ይህ ቃል የሚያመጣው ምስል ነው። «ሞላ» የዕቃና የፈሳሽ ግስ ነው፤ ማድጋ ይሞላል፣ ወንዝ ይሞላል፣ ነዳጅ ይሞላል። ነዳጅ መሙላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ አንባቢው መኪና መሙላትን በዚያ ልክ ያስበዋል። በመኖሪያ ቤት ሶኬት መኪና መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚወስድ መሙያ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ይህም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ትነቅለዋለች፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በዚሁ መጠን ሲሞላ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ደንቦች ይህን የመሰለውን ጭነት ለብቻው ይመድቡታል፤ በአሜሪካ ደንብ መሠረት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ የሚሠራ ጭነት ቀጣይ ጭነት ይባላል፤ ሽቦውም ከጭነቱ 25 በመቶ ጨምሮ እንዲችል ሆኖ ይዘረጋል። እንግዲህ ለአማርኛ አንባቢ «ቀጣይ ጭነት» የሚለው ስያሜ ብቻውን ምንም አይነግረውም። «ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ እንደ መጋገር ነው» የሚለው ማብራሪያ ግን ሁሉን ይነግረዋል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ስያሜውን፣ በማስጠንቀቂያ ላይ ማብራሪያውን ማስፈር እንደሚገባ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል።

ሦስተኛው፣ እሳት ሊነሣ የሚችለው በመሙላት ጊዜ ብቻ ነው የሚለው እምነት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 በደቡብ ኮሪያ በኢንቾን ከተማ፣ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ከመሬት በታች ባለ ማደሪያ የቆመ የኤሌክትሪክ መኪና ተቃጥሎ ከ100 በላይ መኪኖች ጉዳት ደርሶባቸዋል። መኪናው በዚያን ሰዓት እየተሞላ አልነበረም። በአንጻሩ በየአገሩ የተሰበሰቡት መረጃዎች የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚን መኪና ይልቅ አዘውትሮ እንደሚቃጠል አያሳዩም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን የሚተረጉም ሰው ሊያስፈራራም ሊያቃልልም አይገባውም።

ሶኬትና ሙቀቱ

የወረቀቱ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር «ሶኬቱ ሲሞቅ ያቁሙ» ይላል። የትኛው ሶኬት? በተለመደው አማርኛ «ሶኬት» በግድግዳ ላይ የተተከለውም ነው፣ በገመዱ ጫፍ ያለውም ነው፤ ሶኬቱን ንቀል ስንል ሁለተኛውን ማለታችን ነው። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ «የግድግዳ ሶኬት» እና «የገመድ ሶኬት» ማለት ይበቃል።

የበለጠ የሚያስገርመው «ሞቀ» የሚለው ነው። ብዙ ኤሌክትሪክ ለረጅም ሰዓት ሲያልፍበት ማንኛውም ሶኬት በመጠኑ ይሞቃል፤ ይህ አደጋ አይደለም። አደጋው የሚመጣው ሽቦው ወይም የሶኬቱ መያዣ ሲላላ ነው። በላላው ቦታ ላይ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ መያዣውን ይብሱን ያላላዋል፤ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ይነድዳል። በቤት ውስጥ በተለይ መኪናው በኤክስቴንሽን አማካይነት ሲሰካ ይህ ዓይነቱ ችግር ከባትሪ መቃጠል ይልቅ ቅርብ ነው። ምንጩ «ከመጠን በላይ ሲግል» የሚል ሐሳብ ነበረው። አማርኛ ለዚህ መሰላል አለው፤ ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ጋለ፣ አቃጠለ። «ሶኬቱ ሲሞቅ ያቁሙ» የተባለ ሰው በየሌሊቱ ሊያቆም ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላም ማስጠንቀቂያውን ይንቀዋል። «ከጋለ» ቢባል ኖሮ ማንም እናት እጇን ምጣድ ላይ ዘርግታ የምትለየው ልዩነት ነበር።

የሸሸው ሙቀት

አሁን ወደ ዋናው ስያሜ እንመጣለን። በሊቲየም ባትሪ ሕዋስ ውስጥ ሁለቱ ዋልታዎች የሚለያዩት በቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በአሠራር ጉድለት፣ በግጭት ወይም በሙቀት ሲበላሽ ዋልታዎቹ ይገናኛሉ፤ ሕዋሱም ይግላል። ከአንድ መጠን ካለፈ በኋላ ግለቱ በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ማፍረስ ይጀምራል፤ በመፍረሳቸውም ሌላ ሙቀት ይወጣል። ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩን ቢያቋርጡትም አይቆምም፤ ወደ አጠገቡ ሕዋስም ይዛመታል። ይህን ሂደት እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ በሚገርም ስምምነት ልጓም በጥሶ በሚጋልብ ፈረስ ምስል ይሰይሙታል፤ ቻይንኛው ያለ ምስል «ሙቀት ቁጥጥር አጣ» ይላል።

የወረቀቱ ተርጓሚ የእንግሊዝኛውን ቃል በየክፍሉ ፈትቶ «ሙቀቱ ሸሸ» አለ። ውጤቱ ምን እንደሆነ ይታሰብ። በአማርኛ ብርድ ከሸሸ ብርድ የለም፤ በሽታ ከሸሸ ጤና መጥቷል። ስለዚህ «የባትሪው ሙቀት ከሸሸ» ያነበበ ሰው ባትሪው ቀዝቅዟል ብሎ ይረዳል። ሊፈነዳ የተቃረበው ነገር እፎይታ ሆኖ ተተረጎመ።

ምን እንበለው? የፈረሱን ምስል ለማቆየት የሚፈልግ «ደነበረ» የሚለውን ሊያነሣ ይችላል፤ ዳሩ ግን መደንበር ከድንጋጤ የሚመጣና ቶሎ የሚበርድ ነው፤ በዚያ ላይ ስሙ «ድንበር» ከሚለው ጋር ይጋጫል። የቻይንኛውን መንገድ የሚከተል «ከቁጥጥር የወጣ ሙቀት» ይላል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስያሜ ሳይሆን ብያኔ ነው፤ ከእርሱ ግስም ቅጽልም ማርባት ያስቸግራል። እኛ የምናቀርበው «የሙቀት ግንፈላ» የሚለውን ነው። «ገነፈለ» ወተት ወይም ወጥ ከድስቱ አልፎ ሲወጣ የሚባል ነው፤ በሰውም ላይ «ግንፍልተኛ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ሙቀትን፣ ድንገተኛነትን፣ ዕቃው ሊይዘው አለመቻሉን። «ባትሪው ገነፈለ»፣ «የገነፈለ ሕዋስ» እያልንም ልናረባው እንችላለን።

ጉድለቱን መሸሸግ አይገባም። የገነፈለ ወተት ከእሳት ላይ ሲያወርዱት ይረጋል። ባትሪ ግን እሳቱ በራሱ ውስጥ ስላለ የሚወርድበት ነገር የለም። ስለዚህ ቃሉ በመዝገብ ሲገባ ብያኔው ይህን ለይቶ መናገር አለበት። እንከን የሌለው ስያሜ ስንጠብቅ «ሸሸ» የሚለው ሥር እንዳይሰድ መፍራታችን ነው ይህን እንድናቀርብ ያደረገን።

የ«እንፋሎት» ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ግንፈላ ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜም ነበልባል ሳይታይ፣ ከመኪናው ሥር ነጣ ያለ ጉም የመሰለ ነገር ይወጣል። ይህ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበት፣ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ሃይድሮጅን ፍሎራይድም የሚቀላቀልበት ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ሊፈነዳ ይችላል። «እንፋሎት» የፈላ ውሃ ነው። የአገራችን ሹፌር ከመኪና እንፋሎት ሲወጣ ካየ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ውሃ ይጨምርበታል። ሰውን ከቤት ማስወጣት የሚገባው ዓረፍተ ነገር ወደ መኪናው አቀረበው። «ጭስ የሚመስል ነጭ ጋዝ» ማለት ውበት ባይኖረውም ከጉዳት ያድናል።

እዚያው ላይ «መብራቱን ያጥፉ» የሚል አለ። ምንጩ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ያቋርጡ ነው የሚለው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ ስንል «መብራት» ኃይሉ ራሱ ነው፤ «መብራቱን አጥፋ» ስንል ግን አምፑሉን ብቻ ነው። ቃሉ ከ«አጠፋ» ጋር ሲገናኝ ፍቹ ይጠብባል። በዚህ ትእዛዝ መሠረት ዘበኛው አምፑሉን አጥፍቶ በጨለማ ይቆማል፤ መሙያው ግን ሥራውን ይቀጥላል። «ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ላይ ያጥፉ» ማለት ይገባ ነበር።

«ጠፋ» እና የምድጃው ቃላት

ከሁሉ የከበደው «ጠፋ» ነው። በአማርኛ ገንዘብ ይጠፋል፣ ሰው ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ እሳት ይጠፋል። በሁሉም ውስጥ ያለው የጋራ ፍች የነበረው ከዚህ በኋላ የለም የሚለው ነው። የባትሪ እሳት ግን ዓይን ሳያየው ይቆያል። ነበልባሉ ከወረደ በኋላ በጥቅሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እንደ ጋሉ ይሰነብታሉ፤ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ግንፈላው በሌላ ሕዋስ ተነሥቶ እንደገና ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት የተጎዳ የኤሌክትሪክ መኪና ከሕንፃና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ እንዲቆም የአደጋ ጊዜ መመሪያዎች ያዝዛሉ። ምንጩ «ነበልባሉ ባይታይም መኪናውን ወደ ማቆሚያው አይመልሱ» ይል ነበር። ተርጓሚው ነበልባል የሌለበትን እሳት «ጠፋ» አለው፤ ጠፋ ካለ በኋላም አሉታው ትርጉም አልባ ሆኖ ሳይታየው አልቀረም፤ ጣለው።

እዚህ ላይ አማርኛ ድሃ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ቋንቋዎች በሁለት ሦስት ቃል የሚያልፉትን በዝርዝር ይለያል። «ነበልባል» የሚታየው ምላስ ነው። «ፍም» ነበልባል የሌለው፣ ቀይ ሆኖ የሚታይ ፍሕም ነው። «ረመጥ» ከላይ አመድ መስሎ ከውስጥ የሚፋጅ ነው። ነበልባል «ይከስማል»፤ ፍም «ይበርዳል»፤ እሳት ግን «ይዳፈናል»። ማታ ሥራዋን የጨረሰች ባለቤት ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች፤ ጠዋት አመዱን ገልጣ፣ ቆስቁሳ፣ እፍ ስትልበት ይነሣል። በክብሪት እጦት ዘመን ይህ ጥበብ የቤት ሀብት ነበር፤ እሳቷ የጠፋባት ሴት ጎረቤት ሄዳ ትጭራለች፤ የዳፈነችው ግን አትሄድም። «ጠፋ» እና «ተዳፈነ» የተለያዩት ለዚህ ነው። የባትሪው እሳት የዳፈነችው ሴት እሳት ነው። ከውጭ አመድ ነው፤ ከውስጥ አለ።

ስለዚህ ነበልባሉ የወረደ ባትሪ ያለበትን ሁኔታ «የተዳፈነ እሳት» ብለን ብንሰይመው፣ ከባትሪ ጋር ምንም ትውውቅ የሌላቸው የገጠር እናት እንኳ ሳይቀሩ በትክክል ይረዱታል። «ዳግም መቀጣጠል» የሚለውን የመጽሐፍ ስያሜ ለመዝገበ ቃላቱ እንተወው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ለተርጓሚዎች በተለይ ልናሳስበው የምንፈልገው ነው። «የተዳፈነ» የሚለው ቅጽል ሁኔታውን በትክክል ሲገልጥ፣ «ይዳፍኑት» የሚለው ትእዛዝ ግን ሐሰት ነው። የምድጃ እሳት አየር ሲያንሰው ይደክማል። የባትሪው ግንፈላ ግን የሚመገበው ከራሱ ኬሚካል ስለሆነ፣ ከፊሎቹ የባትሪ ዓይነቶችም ሲፈርሱ ኦክስጅን ስለሚለቁ፣ አፈር ወይም ብርድ ልብስ በመጣል አይቆምም፤ መድኃኒቱ ማቀዝቀዝ ነው። አንዳንድ አምራቾች ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ባዘጋጁት መመሪያ ከ11,000 እስከ 30,000 ሊትር ውሃ ሊያስፈልግ እንደሚችል ይገልጣሉ፤ በግቢያችን የምናየው ሮቶ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሺህ ሊትር ነው የሚይዘው። የወረቀቱ «እሳቱን ያፍኑ» የተገኘው በምንጩ ከነበረው «ያጥፉ» ከሚል አጠቃላይ ግስ ነው፤ ተርጓሚው በሙያ ቋንቋ የተሻለ መስሎት መረጠው። አንድ ቃል በቅጽልነቱ ሲያድን በትእዛዝነቱ ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ለቤተሰብ የሚሰጠው ትእዛዝ ስለ ማጥፋት ሳይሆን ስለ መውጣት መሆን አለበት፤ ማቀዝቀዙ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ ነው።

በቅንፍ ያህል፦ «ረመጥ» የሚለውን ቃል በክፍል ውስጥ ስጠይቅ ከከተማ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት በምሳሌያዊ ፍቹ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ምድጃውን ሲያስወጣው ቃላቱም አብረው እየወጡ ነው። እነዚህን ቃላት በሙያ መዝገብ ማስፈር ለባትሪው ብቻ የሚጠቅም አይመስለኝም።

የጎረቤቴን ወረቀት እንዲህ ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው፦

«መኪናው እየተሞላ የሚያድርበት ማደሪያ ቤንዚን፣ ጋዝ ሲሊንደርና ማገዶ የሌለበት ይሁን። የግድግዳውን ሶኬት በእጅዎ ጀርባ ይፈትሹ፤ ሞቅ ቢል ይከታተሉት፤ ከጋለ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ላይ ያጥፉና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ከመኪናው ሥር ጭስ የሚመስል ነጭ ጋዝ ከወጣ ባትሪው ገንፍሏል፤ ነበልባል ባይታይም ጋዙ መርዝ ነው፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ሰው ሁሉ ወዲያው ከቤት ይውጣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ። ነበልባሉ ቢከስምም እሳቱ አልጠፋም፤ ተዳፍኗል። መኪናውን ወደ ቤት አይመልሱ።»

ጎረቤቴ በዚያው ምሽት በበሩ ላይ ቆመው ለዘበኛቸው አነበቡላቸው። ዘበኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አደመጡ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ዶክተር፣ ከተዳፈነ በኋላ ስንት ቀን ነው የሚጠበቀው?» አሉኝ። ያ ጥያቄ ከቀድሞው ወረቀት ሊነሣ አይችልም ነበር። ቀኑን በእርግጥ መናገር እንደማይቻል፣ ከቤቱ 15 ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ ባለሙያ አይቶ እስኪፈቅድ ድረስ ማንም እንዳይቀርበው ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም ጎረቤቴን ግቢው ያን ያህል ስፋት እንዳለው ጠየቋቸው።